የቅሬው ዳኛ ለምክር ቤት ሲወዳደር

ሐይቅ፣ ጥር 12 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለሀጀራ፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመሻል? እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። አላህ በሰው አገር ሞገስ ይስጥሽ፣ የአሠሪሽን ልብ ያራራልሽ፣ እጅሽ የነካውን ሁሉ ይባርክልሽ። አሚን በይ።

ይህን በስልክ ልነግርሽ እችል ነበር። ነገር ግን በስልክ የላክሁት ድምፅ ሁሉ በማግስቱ በየባጃጁ ውስጥ ሲሰማ አገኘዋለሁ። ቁም ነገር በወረቀት ነው የሚሆነው። ዙሌይካ ወደ ጅዳ ስለምትመለስ በእጇ ልኬልሻለሁ፤ አንቺም መልስሽን በሚመጡ ልጆች ላኪልኝ።

ወሬው እንዲህ ነው። ለክልሉ ምክር ቤት ልወዳደር ነው፤ በአዲሱ ፓርቲ። አትሳቂ። አሥራ ስድስት ዓመት የቀበሌ ሊቀ መንበር ሆኜ ያገለገልኩበት ፓርቲ ስሙንም ማልያውንም ሲቀይር እኔ ወጥቼ ብቀየር ምን ይገርማል? ሕዝቡ ለውጥ ይፈልጋል። ለውጥ ደግሞ ልምድ ያለው ሰው ይፈልጋል። ከነዚያኞቹ ወገን የቆመው መምህር ጥሩሰው ነው፤ ጥሩ ሰው ነው፣ ግን ከጥቁር ሰሌዳ ሌላ ያስተዳደረው ነገር የለም።

የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው። እንደምታውቂው የሰፈራችን ቅሬ መቶ አርባ ቤት ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ መዝገብ የሚቀብርና የሚቀበር። እኔ ደግሞ ዳኛው ነኝ። ቅሬው የሰማውን ከተማው ይሰማዋል። ለቅሬው የሚነበብ አንድ ገጽ ጻፊልኝ፤ አጎቴ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፣ ምረጡት የሚል። ዓረብ አገር ያለ ልጅ ቃል ዛሬ ከሽማግሌ ቃል ይበልጣል።

እናትሽ ደህና ናት። ጉልበቷን ብቻ ትላለች። ወንድምሽ ሙንተሲር ቀን ዓሣ ያጠምዳል፣ ሲመሽ ከጥሩሰው ደጅ አይጠፋም። ምከሪው።

አጎትሽ ሙሐመድሁሴን


ጅዳ፣ የካቲት 27 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

ወአለይኩም ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ከርመዋል? እኔ አልሃምዱሊላህ ጤነኛ ነኝ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ልጆችዎን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልዎ።

ደብዳቤዎ ዙሌይካ ሻንጣ ውስጥ ሦስት ሳምንት ተኝቶ ደረሰኝ። እኔ አሁንም እዚያው ቤት ነኝ፤ አሮጊቷን አጥባለሁ፣ አጎርሳለሁ፣ ሲነጋ ወደ ፀሐይ አወጣለሁ። ክብደቷ ከእናቴ አይበልጥም። አንዳንዴ ጀርባዋን ሳሽ የማን ጀርባ መሆኑ ይጠፋኛል፣ እና አለቅሳለሁ፤ እሷ ሳሙና ዓይኔ የገባ ይመስላታል።

ለምክር ቤት መወዳደርዎን ስሰማ ሳቅሁ፤ አልዋሽዎትም። እርስዎም አትሳቂ ስላሉኝ ጨመረብኝ። አጎቴ፣ በሁለት ሺህ ስምንት ክረምት ወንድሜ ሰባት ወር ሲታሰር ስሙን ጽፎ ለፖሊስ የሰጠው የቀበሌ ሊቀ መንበር ማን ነበር? ያን ጊዜ "ለውጥ" ብሎ በመጮሁ ነው የታሰረው። አሁን እርስዎ በድምፅ ማጉያ ሲጮሁት ሙንተሲር ጥሩሰው ደጅ ቢቀመጥ አልፈርድበትም። የፓርቲ ጉዳይ አይመስለኝም፤ የሰውየው ጉዳይ ነው።

ስለዚህ ደብዳቤውን አልጽፍም። ቂም ይዤ አይደለም። እዚህ ተቀምጬ ለዚያ ሰፈር ሰው እገሌን ምረጡ ማለት ነውር ይመስለኛል። እርስዎን በልቤ ዱዓ አደርግልዎታለሁ፤ ቢያሸንፉም ደስ ይለኛል፤ የእናቴ ወንድም ነዎት።

የእናቴን ነገር አደራ። ጉልበቷን ብቻ አይደለም፤ በስልክ ስታወራኝ ትንፋሿ ይቆራረጣል። ሐኪም ቤት ይውሰዱልኝ።

ልጅዎ ሀጀራ


ሐይቅ፣ መጋቢት 22 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለሀጀራ፣

አሰላሙ አለይኩም። አላህ ከክፉ ይጠብቅሽ፣ ምላስሽንም ለበጎ ያድርግልሽ።

ደብዳቤሽን አነበብሁት። ትንሽ ልጅ ሆነሽ ስድ ነበርሽ፤ ጅዳ አላረመችሽም። ይሁን። ዛሬ የምነግርሽ ሌላ ነው፤ ከሰው አፍ ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው ብዬ ነው።

ባለፈው እሁድ ቅሬው ከዋርካው ሥር ተሰበሰበ። የቅሬው ጸሐፊ አቶ ከበደ ተነሥቶ፣ "ዳኛችን ለምክር ቤት ቆሟል፤ መቶ አርባውም ቤት ድምፁን ለእሱ ይስጥ" አለ። የምርጫ ሰዎች ድምፅ ምስጢር ነው ይላሉ፤ እዚህ ሰፈር የማን ድስት ውስጥ ምን እንዳለ ይታወቃል፣ ምን ምስጢር አለን? እጅ አወጣን። ሁሉም አወጣ። ያንቺ ወንድም ብቻ ቆሞ፣ "እኔ የጥሩሰው ታዛቢ ነኝ፣ ባጁን ወስጃለሁ። እኝህን ሰውዬ ታስሬ ነው የማውቃቸው" አለ። ሰውዬ አለኝ። እናቱ ፊት።

ከበደ ደንቡን አነበበ። በእጅ የጸደቀውን የጣሰ ቤት ከቅሬ ይወጣል፤ ሲታመም አይጠየቅም፣ ሲሞት አይቀበርም፣ እሳት አይጫርለትም። መዝገቡ ደግሞ ሰው አያውቅም፣ ቤት ነው የሚያውቀው። አባታችሁ ከሞተ ወዲህ ቤቱ የተጻፈው በእናትሽ ስም ነው።

ሰው ሁሉ እኔን አየ። እህቱ ናት፣ ምን ይላል ብሎ። ሀጀራ፣ ትውጣ ብዬ መጀመሪያ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሌላ ምን አማራጭ ነበረኝ? ለእህቴ ካዳላሁ ነገ ክልሉን ምን ብዬ ልምራ? ሴቶቹ አለቀሱ። ወንዶቹ እየመጡ ጨበጡኝ፤ "እንዲህ ያለ ዳኛ ነው የሚያስፈልገን" አሉ። ይኸው በየመንደሩ "ለእህቱ ያላዳላው" ይሉኛል። ያላሰብኩት ነው፣ ግን ከአሥር ስብሰባ የበለጠ ሠራልኝ።

እናትሽ ነጠላዋን አራግፋ ሄደች።

መመለሻውን ታውቂያለሽ። የወጣ ቤት የሚመለሰው ዳኛው በለቅሶ ላይ፣ ቀባሪው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ቆሞ በአፉ "ተመልሳለች" ሲል ነው። በወረቀት አይሆንም፣ በየቤቱም አይሆንም። ስለዚህ ሙንተሲር ባጁን ይመልስ፤ አንቺም ያልኩሽን ደብዳቤ ጻፊ። ከዚያ የመጀመሪያው ለቅሶ ላይ እቆማለሁ።

አጎትሽ


ጅዳ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ረመዳን ከሪም። አላህ ጾምዎን ይቀበልዎ።

እናቴን በስልክ ጠየቅኋት። "አብሽሪ ልጄ፣ ምን ሆንኩና" አለችኝ። ምን እንደሆነች ያወጣጣሁት ቀስ እያልኩ ነው። ማግሪብ ላይ ብቻዋን በውሃና በተምር ታፈጥራለች። በር የሚያንኳኳ የለም። የጎረቤታችን ልጅ ሲሞት ጥሪው ከበሯ ፊት እየተሰማ አልፎ፣ እሷ ተነሥታ ልብሷን ከለበሰች በኋላ ትዝ ብሏት ቁጭ አለች። በአጥር የምንዋሰናት ወለተ ገብርኤል ብቻ ከባሏ ከአቶ ዝናቡ ተደብቃ በጓሮ በኩል ሾርባ ታቀብላታለች። ክርስቲያኗ ጾም ማስፈቻ ስታመጣ እስላሞቹ የት ሄዱ?

እዚህ አብረውኝ ያሉት የአዲስ አበባ ልጆች "እድር ነው አይደል? ትተዋ፣ ሌላ ትግባ" ይሉኛል። አያውቁም። እናቴ የምትፈራው መሞትን አይደለም። ሰው ሳይቆምላት፣ ሶላት ሳይሰገድባት መሄድን ነው። አርባ ዓመት ሙሉ የሰውን ሬሳ ያጠበችው የእሷ ተራ ሲደርስ ሰው እንዳታጣ ነው። ይህን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ፤ የእናትዎን ሬሳ ያጠበችው እሷ ናት።

ስለዚህ ተሸንፌያለሁ። ሙንተሲርን በጠባነው ጡት ለመንሁት። በመጨረሻ "ለእሷ ስል" አለ። ባጁን መልሷል። ለቅሬው የሚነበበውንም ከዚህ ጋር ልኬአለሁ፤ እርስዎ ደግ፣ አዋቂ፣ ፍርድ የማያጓድሉ መሆንዎን ጽፌአለሁ። አንድም ቃል አልሰረዝሁም፤ ይህም ይገርመኛል።

አሁን የቀረው የእርስዎ ነው። የመጀመሪያው ለቅሶ ብለዋል።

ልጅዎ ሀጀራ


ሐይቅ፣ ሰኔ 1 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለሀጀራ፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ባለሽበት ያኑርሽ፣ ያሳድግሽ፣ ትዳር ይስጥሽ።

ደብዳቤሽን ከገበያው መሐል በድምፅ ማጉያ አስነበብሁት። ማሻአላህ፣ ብዕርሽ! "ፍርድ የማያጓድል" የሚለው ላይ ሰው አጨበጨበ። ሴቶች በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሲጠርጉ አይቻለሁ። በልጅነትሽ ያስተማርኩሽ ፊደል ከንቱ አልቀረም።

ምርጫው ወደ ሰኔ 14 እንደተሸጋገረ ሰምተሻል። በሐይቅ ከተማ አልፈራም። በአምባሰል ገጠር በኩል ግን ጥሩሰው ይበልጠኛል፤ ግማሹን ገጠር ያስተማረው እሱ ነው። ጅዳ ውስጥ ከአምባሰል የመጡ ስንት ልጆች አሉ? ሠላሳ? አርባ? እያንዳንዷ ለእናቷ ደውላ "ሙሐመድሁሴንን ምረጡ" ትበል። እናት ለልጇ እንቢ አትልም፤ ልጅም ለእናቷ፣ አንቺው አሳይተሽኛል።

ሙንተሲርም ባጁን ቢመልስ ከከተማው አልራቀም። ሰው ያየዋል፣ ያወራል። ምርጫው እስኪያልፍ ወደ ሎጊያ ሄዶ የቀን ሥራ ይሥራ። አንቺ ስትይው ይሰማል።

በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ለቅሶ ነበረ፤ አውቃለሁ፣ ቆጥረሽብኛል። በምርጫ ዋዜማ ከተናገርሁ "ለድምፅ ሲል እህቱን መለሰ" ይሉኛል። የተገነባው ይፈርሳል። ከምርጫው በኋላ በመጀመሪያው ለቅሶ ላይ፣ ወላሂ።

አጎትሽ


ሐይቅ፣ ሰኔ 26 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለሀጀራ፣

አልሃምዱሊላህ። አሸንፈናል።

ውጤቱ በየጣቢያው በር ላይ ተለጥፏል። ሠላሳ ዓመት በአንድ ፓርቲ እጅ የኖረ ወንበር ከእጃቸው ወጣ። አሮጌዎቹ የወረዳ ሹሞች በማግስቱ ሰላምታ ሲሰጡኝ ከወገባቸው ጎንበስ አሉ፤ ትናንት እኔ እንዲህ የምጎነበስላቸው ነበርሁ። በአምባሰል ገጠር ያገኘሁት ልዩነት ከሁለት መቶ አይበልጥም። የልጆቹ ስልክ ነው ያደረገው። እጅሽን እስማለሁ።

እናትሽም መጥታ መርጣለች። ሰልፍ ላይ ከፊቷም ከኋላዋም አምስት አምስት ክንድ ባዶ ቦታ ነበረ። የምርጫው ጣቢያ ልጆች "የኮሮናን ርቀት በደንብ የጠበቁ እሳቸው ብቻ ናቸው" ብለው ቀለዱ። እኔም ፈገግ ብያለሁ፣ አልደብቅሽም።

ጥሩሰው ቅሬታ አስገብቷል። በአንድ ጣቢያ ላይ ሰው እጁን ተይዞ መረጠ ብሎ ምስክር ይፈልጋል። ሙንተሲር እንዳይመሰክር ቅሬታው እስኪዘጋ ድረስ የእናትሽ መመለስ ባለበት ይቆይ። ጥቂት ቀን ነው።

አጎትሽ፣ የሕዝብ ተመራጭ


ጅዳ፣ ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

አሰላሙ አለይኩም። እንኳን ደስ ያለዎ። አላህ ሥልጣንዎን ለሰው መጥቀሚያ ያድርግልዎ።

ሠላሳ ስድስት ልጆች ነን። ከእኔ በቀር ሠላሳ አምስቱም ለእናቶቻቸው ደወሉ። አንዷ እናቷን አስለቅሳ ነው ያስመረጠቻት። ሙንተሲር ሎጊያ ነው፤ አሸዋ ይጭናል። አይመሰክርም፣ ማለልኝ። ቅሬታውም ውድቅ መሆኑን ሰምቻለሁ። ሌላ የሚቀር ነገር ካለ አሁኑኑ ይንገሩኝ፤ አንድ በአንድ ከሚሆን በአንድ ጊዜ ላድርገው።

እናቴ እግሯ አብጧል። ከአልጋ ወደ ደጅ ለመውጣት ግድግዳ ትይዛለች። ትናንት በስልክ፣ "ልጄ፣ ወንድሜ ከሥራው ብዛት ረስቶ ይሆናል እንጂ አይጨክንብኝም" አለችኝ። እኔ እንደዚያ አላስብም። እሷ ግን ታስባለች፤ እባክዎ አጎቴ፣ እሷን ልክ ያድርጓት። ሁለት ቃል ነው፣ ቆሞ መናገር ነው። እግርዎ ላይ ወድቄያለሁ።

ሀጀራ


ባሕር ዳር፣ መስከረም 25 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለሀጀራ፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። በአዲሱ ዓመት አላህ መልካሙን ሁሉ ያሳይሽ።

ይህን የምጽፍልሽ ከጣና ዳር ነው። ምክር ቤቱ ተመሠረተ፣ ማልን፣ ወንበር ያዝን። ወንበሩ ይሽከረከራል። የእኛ ወገን በቁጥር ጥቂት ነው፣ ድምፃችን ግን ይሰማል፤ እኔ እንኳ ሁለት ጊዜ እጅ አውጥቼ ተናግሬአለሁ።

የእናትሽን ነገር አልረሳሁም። ነሐሴን ሙሉ በስብሰባ ነበርሁ፤ አንድ ለቅሶ ላይ ልቆም ስል የዞን እንግዶች መጡና እንግዳ ፊት የቤታችንን ጉድ ማውጣት ከበደኝ። ከዚያ ወዲያው ወደዚህ ተጠራን። ስለዚህ ከዚህ ሆኜ በምክር ቤቱ ወረቀት ጽፌ፣ ማኅተም አስመትቼ፣ "መስኡዳ ወደ ቅሬዋ ተመልሳለች" ብዬ በሚኒባስ ሾፌር ልኬላታለሁ። ይዛ ትሂድ። ዳኝነቱን ለከበደ አስረክብ ያሉኝ አሉ፤ ለምን አስረክባለሁ? በሚቀጥለው ምርጫ ምን ይዤ ልቆም ነው?

ከሰሜን የተፈናቀለው ሕዝብ ሐይቅን ሞልቷታል ይላሉ። የኛ ሰፈር ሰው እንጀራውን እያካፈለ ነው፤ በዚህ እኮራለሁ። ጦርነቱ እናንተ ዘንድ አይደርስም ብዬ ለሰዉ በስልክ አረጋግጫለሁ።

አጎትሽ


ጅዳ፣ ጥር 4 ቀን 2014 ዓ.ም.

ሙሐመድሁሴን፣

ሰላምታውን ለራስህ ጨምርበት።

ሦስት ወር ስልክ አልነበረም። መብራቱም፣ መንገዱም፣ ከተማውም ሄዶ ነበር። እኔ እዚህ ሆኜ ሐይቅ ተያዘች ሲሉ እናቴን ከጥይት እንዲያወጣት ዱዓ ሳደርግ ነበር። የሞተችው ጥቅምት 14 መሆኑን አላወቅሁም። ከተማው ከመያዙ በፊት ነው። ጥይት ሳይተኮስ፣ ቅሬው ሙሉ ሆኖ፣ ሰው ሁሉ በቤቱ እያለ።

ሙንተሲር መንገዱ ሲከፈት ከሎጊያ ገባና የሆነውን ሁሉ ከወለተ ገብርኤል ሰምቶ ደወለልኝ። እኔ ደግሞ ላንተ እነግርሃለሁ። ሳትዘል አንብብ።

ወረቀትህ ደርሷታል። ማንበብ አትችልም፣ ግን ማኅተሙን በጣቷ ደባብሳ ለወለተ ገብርኤል "ይኸው ወንድሜ" አለቻት። በማግስቱ አንድ ለቅሶ ነበር። ታጠበች፣ ነጭ ለበሰች፣ ግድግዳና አጥር እየያዘች ሄደች። ወረቀቱን ለከበደ ሰጠችው። ከበደ ሰው ፊት አነበበውና፣ "ይሄ የምክር ቤት ማኅተም ነው። የቅሬው ደንብ በዳኛው አፍ ነው" ብሎ አጥፎ መለሰላት። ደንቡን አንተ ነህ የጻፍክልኝ። በወረቀት አይሆንም ብለህ የጻፍክልኝ አንተው ነህ። እያወቅህ ላክህላት። ሰው ሁሉ እያያት ያንኑ አጥር ይዛ ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ ከአልጋ አልተነሣችም።

የሞተች ዕለት ከወልድያ በኩል የመጣ አንድ ተፈናቃይም ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሞቶ ነበር። ስሙን የሚያውቅ የለም። ቅሬው ወጣ። አጠቡት፣ ከፈኑት፣ በቃሬዛው ተሸክመው በእናቴ በር ፊት አለፉ። ወለተ ገብርኤል በሩ ላይ ቆማ "መስኡዳም አርፋለች" ብላ ጮኸች። ሰልፉ ትንሽ ቆመ። ከበደ፣ "ዳኛው አልተናገረም" አለ። ሄዱ። ያን ሰው በመቅበራቸው አልቆጣም፤ የኔን እናት ግን አርባ ዓመት ያውቋታል።

ወለተ ገብርኤል አጠበቻት። የእስላም ሬሳ አጣጠብ አታውቅም፤ እናቴ ሌሎችን ስታጥብ በበር በኩል ያየችውን እያስታወሰች ነው ያጠበቻት። ባሏ ዝናቡ መጀመሪያ ተቆጣ፣ በኋላ ዶማ ይዞ መጣ። መቃብር ስፍራ ስለማያስገቧት ጓሯችን ውስጥ ቆፈረላት። የቤቱን ሳንቃ ነቅለው በሱ ላይ አወጧት። ሶላት የሰገደባት የለም። ቂብላው በየት በኩል እንደሆነ ሁለቱም እርግጠኛ አልነበሩም፤ ፀሐይ ወደምትጠልቅበት አዙረው አስተኟት። ሙንተሲር መጥቶ ሲያይ ልክ አልነበረም፣ ግን ሁለተኛ አላስቆፈራትም።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። በሰኔ ለማን እንደመረጠች ጠይቄያት ነበር። ሰው እንደ ለምጣም ሲሸሻት በቆመችበት ሰልፍ ላይ ቆይታ፣ መጋረጃው ውስጥ ብቻዋን ገብታ ምን እንዳደረገች። "ለወንድሜ ነዋ፣ ለማን ልመርጥ ኖሯል" አለችኝ።

እኔም ሠላሳ አምስት እናቶች አስመርጬልሃለሁ። ወንድሜንም ከእናቱ አልጋ ያራቅሁት እኔ ነኝ። ይህ የኔ ድርሻ ነው፤ ላንተ አልሰጥህም።

ሀጀራ


ሐይቅ፣ የካቲት 30 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለሀጀራ፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። አላህ ጀነተል ፊርደውስን ይወፍቃት፣ ላንቺም ሰብሩን ይስጥሽ።

አንተ ብለሽኛል። ሐዘን ነው፣ ይቅር ብዬሻለሁ። እህቴ ናት፤ እኔም አልቅሻለሁ። ምክር ቤቱ ውስጥ ባልደረቦቼ አጽናንተውኛል።

እንደ መጣሁ መጀመሪያ የሠራሁት የሷን ነገር ነው። አርብ ዕለት የአቶ ትዕዛዙ ለቅሶ ነበረ፤ ቀባሪው ሁሉ በተሰበሰበበት ቆምሁና "መስኡዳ ወደ ቅሬዋ ተመልሳለች" አልሁ። ሰው አለቀሰ። ከበደ መዝገቡን አውጥቶ ስሟን እንደገና ጻፈ። ስም ሲጠራም "መስኡዳ" ብሎ ጠራ፣ እኔ "አለች" ብዬ መለስሁላት። እንዲህ ያለ ነገር ቅሬያችን አድርጎ አያውቅም። ቤታችሁ ሙሉ አባል ነው። ሙንተሲርም ቢሞት ይቀበራል።

ከሽማግሌዎቹ ጋር የተስማማነው ነገር አለ። ጦርነቱ ሁሉን አደነጋግሮ ነበር፤ ስለዚህ መስኡዳ የሞተችው ከተማው ሲያዝ፣ ሰው በሸሸበት ሰሞን ነው ብለናል። ቀባሪ የጠፋው በዚያ ነው። ማንንም አይጎዳም፤ እሷንም ያስከብራታል። ሰው ቢጠይቅሽ አንቺም እንዲሁ በይ። እዚያ ላሉት ልጆችም ንገሪያቸው፤ እናቶቻቸው ሌላ ነገር እያወሩ ነው፣ በተለይ በአምባሰል በኩል።

ወለተ ገብርኤል ያለ ቅሬው ፈቃድ ቀብራለችና ለጊዜው ወጥታለች። ባሏም። ቂም አይደለም፣ ደንብ ነው። ጊዜው ሲደርስ እመልሳታለሁ።

አጎትሽ ሙሐመድሁሴን


ጅዳ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2014 ዓ.ም.

ሙሐመድሁሴን፣

ያልከኝን ለልጆቹ ነገርኋቸው። ደብዳቤዎችህን ከላይ እስከ ታች፣ ከአምናው ጥር እስከ ዘንድሮ የካቲት ያሉትን ሁሉ፣ አንድ በአንድ አነበብሁላቸው። ሠላሳ አምስቱም ለእናቶቻቸው ደውለዋል። ሲደውሉ ቆሜ ሰምቻለሁ፤ ጥቅምት 14 ነው እያሉ ነው።

ሙንተሲር ወለተ ገብርኤልና ዝናቡ ጋ እየበላ ነው። አንዳቸው ሲሞቱ የሚቀብራቸው እሱ ነው፤ ካልቻለም እኔ እመጣለሁ።

ካንተ የምጠይቀው አንድ ነገር ቀርቶኛል። ከዚያ በኋላ አልጽፍልህም። የእናቴን ስም ከዚያ መዝገብ ሰርዝ። ሲጠሩም ስለሷ "አለች" አትበል። ለዚህኛው ለቅሶ መጠበቅ የለብህም፤ ዛሬውኑ፣ ብቻህን፣ ቤትህ ተቀምጠህ ልትሠራው ትችላለህ።

የመስኡዳ ልጅ ሀጀራ